ዘይቱ ከውሃው በፊት ይውጣ፦ ቅባታም መጥበሻን የማጽዳትና ያገለገለ ዘይትን የማስወገድ ዝርዝር መመሪያ

ቅባት የጠገበ መጥበሻ ፊታችን ሲቀመጥ አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን ቧንቧ እንከፍታለን። ሳሙና እናፈስበትና መፈግፈግ እንጀምራለን። ትንሽ ቆይቶ ስፖንጁ በቅባት ተለውሷል፣ የሲንኩ ዳር ዳር ያንሸራትታል፣ መጥበሻው ግን ገና አልጸዳም። ያኔ ሳሙናውን «ይሄ ደግሞ ምኑ ሳሙና ነው» እያልን እናማዋለን። የተበላሸው ግን ቅደም ተከተሉ ነው።

ዘይት ከውሃ ይቀልላል። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ወደ 920 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ 1,000 ግራም ያህል። ስለዚህ ውሃ ስታፈሱበት ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዞራል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ሳሙና ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን። ብዙ ሆነው አንዲት የዘይት ጠብታ ይከብቡና ከውሃው ጋር ይዘዋት ይወርዳሉ። ይህ ሥራ ግን ልክ አለው። ስስ ቅባት ለማንሳት ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይበቃል። መጥበሻው ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት ተኝቶ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ብታፈሱ ትርፉ አረፋ ነው።

እናም ዘይቱን ከመጥበሻው የምታወጡት ውሃ ከመንካቱ በፊት ይሁን። እንዲህ ስታደርጉ እጥበቱ ይቀልላል፣ ሳሙና ይቆጠባል፣ የፍሳሽ ቱቦውም ይተርፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

ከምድጃ እስከ መደርደሪያ

1. መጀመሪያ ይብረድ። የመጥበሻ ዘይት ሲሠራ ሙቀቱ ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ውሃ ደግሞ በ100 ይፈላል። ስለዚህ ትኩስ ዘይት ላይ የወደቀ ውሃ ወዲያው እንፋሎት ይሆንና ዘይቱን ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጫል። የጋለ መጥበሻ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውም ሊጣመም ይችላል። ታቹ የተጣመመ መጥበሻ ምድጃው ላይ ይንገዳገዳል፣ ዘይቱም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ስስ መጥበሻ ከሆነ ምግቡን በልታችሁ እስክትጨርሱ ይበርዳል። ብዙ ዘይት ያለበት ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ልጅና የቤት እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ተዉት።

2. ለብ ብሎ ሳለ አፍስሱት። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅም ጥሩ አይደለም፤ በተለይ የእንስሳት ስብ ከሆነ ይረጋል። እጃችሁ ያለ ጭንቅ የሚይዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃ ገልብጡት። መጥበሻውን ለትንሽ ጊዜ አዘንብሉት፤ ከሥር የቀረው ራሱ ይንጠፈጠፋል።

3. ፍርፋሪውን ፋቁት። የእንጨት ማማሰያ ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃል። የሚወጣው ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ወደ ሲንክ አይግባ።

4. ጥረጉት። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይሄ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ሶፍት፣ አሮጌ ጋዜጣ ወይም የተቀደደ የጥጥ ጨርቅ ውሰዱና የመጥበሻውን ሆድ፣ ግድግዳውንና ከንፈሩን ጥረጉ። አዲስ ሶፍት ማባከን ካልፈለጋችሁ ማዕድ ላይ አፍ የተጠረገበትን ተጠቀሙ። ወረቀቱ ቢጫ ቅባት ማውጣቱን ሲተው የሥራው አብዛኛው ክፍል አልቋል ማለት ነው።

5. ሳሙናውን በደረቁ አድርጉበት። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃ ሳይጨመር መጥበሻው ላይ ጣል አድርጉና በስፖንጅ አዳርሱት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። በውሃ ያልቀጠነ ሳሙና ቅባቱን በቀጥታ ያገኘዋል።

6. ከዚያ ሙቅ ውሃ። ሙቀት ቅባትን ያቀጥናል፣ የረጋውንም ያቀልጣል። በስፖንጁ ለስላሳ ገጽ ክብ እየሠራችሁ እሹት። እጀታው ከመጥበሻው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ የብሎኑን ዙሪያና የውጭውን ታች አትርሱ። ቅባት ተደብቆ የሚከርመው እዚያ ነው።

7. በሙቅ ውሃ አለቅልቁና አድርቁ። እስቴንለስ መጥበሻ መጽዳቱን ለማወቅ ውሃ አፍስሳችሁ ተመልከቱ። ውሃው በስሱ ከተዘረጋ ንጹህ ነው፣ እንክብል እየሆነ ከተሰበሰበ ቅባት ቀርቶበታል። ይህ መፈተሻ ለነንስቲክ (ለቴፍሎን) አይሠራም፤ እሱ ሲፈጠርም ውሃ አይቀበልም።

ሌላ ዕቃም አብራችሁ የምታጥቡ ከሆነ መጥበሻው መጨረሻ ይሁን። ብርጭቆ ቅድሚያ፣ ቀጥሎ ሳህን፣ ከዚያ ድስት። መጥበሻ የገባበት ውሃ ብርጭቆ ላይ የሚተወውን ጉም ያየ ሰው ይህን ደግሞ አይረሳም።

ያረረ ነገር ሲጣበቅ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው የሚደክመው።

አንደኛው ያረረ ምግብ ነው። ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ታቹ ላይ ይጣበቃል። ይህ በውሃ ይለሰልሳል። ታቹን የሚሸፍን ውሃ ጨምሩ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ በመጠነኛ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል አንተክትኩት። አውርዱና ሲበርድ በእንጨት ማማሰያ ግፉት። አብዛኛው ተነስቶ ይመጣል። የቀረ ካለ ሦስት እጅ ቤኪንግ ሶዳ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ለውሳችሁ ቀቡትና ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ እሹት። ይህ ዘዴ ለእስቴንለስ ነው። አሉሚኒየምን ያጠቁረዋል፣ የካስት አይረንን፣ ማለትም የከባዱን ጥቁር የብረት መጥበሻ፣ ጥቁር ሽፋን ደግሞ ሊያነሳው ይችላል።

ሁለተኛው ተንኮለኛው ነው። መጥበሻው ዳር ላይ ወይም ከውጭ በኩል የሚታየው ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት ትንሽ የሚይዝ ሽፋን። በሳሙና ታጥቦ ታጥቦ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም አሁን ዘይት አይደለም። ስስ ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ይሆናሉ። ሳሙና የሚይዘው ልቅ የሆነ ቅባትን ነው፤ የተሳሰረውን አይፈታም። እንግዲህ መፍትሔው መፋቅ ነው፦ እስቴንለስ ከሆነ የቤኪንግ ሶዳውን ልውስ ቀብቶ ጊዜ መስጠትና በሻካራ ስፖንጅ ደጋግሞ መሄድ። በአንድ ጊዜ አይለቅም። ውጭው ላይ ትንሽ ቢቀር ደግሞ ጉዳት የለውም። መጥበሻ ለመስታወትነት አልተገዛም።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ማድረግ ብዙ ቦታ ይመከራል። አረፋው ደስ ይላል፤ ጥቅሙ ግን እዚያው ያልቃል። አንዱ አልካላይን፣ ሌላው አሲድ ስለሆነ ይጠፋፋሉ። የሚቀረው ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው፦ ሶዳውን ለቅባትና ላረረ፣ አቼቶውን ውሃ ለሚተወው ነጭ ነጠብጣብ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ያወጣል። ደግሞም በረኪና ለቅባት የሚፈይደው የለም፣ ብረቱንም ይበላዋል። መጥበሻው አጠገብ ባይደርስ ይሻላል።

ሁሉም መጥበሻ አንድ አይደለም

ነንስቲክ ወይም ቴፍሎን የሚባለው በጣም ቀላሉም በጣም ስሱም ነው። በትክክል ከተያዘ ጠርጎ በለስላሳ ስፖንጅ ማጠብ ይበቃዋል። የብረት ሽቦ፣ አሸዋ፣ ቢላ በፍጹም አይነካውም። ባዶውን ምድጃ ላይ መርሳትም አደጋ ነው። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚያወጣው ጭስ ሰውን ያሳምማል፣ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ወፎችን ይገድላል። ነንስቲክ መጥበሻ ላይ ምግብ መያዝ ከጀመረ አስቀድማችሁ የተጋገረ ቅባት እንዳለበት ተመልከቱ። ሽፋኑ ከተላጠ ግን ማጠብ አያድነውም፤ ይቀየር።

ካስት አይረን ከላይ ያልኩትን ነገር ይገለብጠዋል። እስቴንለስ ላይ የምንታገለው ያ የተሳሰረ ዘይት እሱ ላይ ሀብቱ ነው። ጥቁሩ ለስላሳ ሽፋን ከዚያው ነው የተሠራው። ሳሙና አይንካው የሚባለው የድሮ ሳሙና ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው አቃጣይ ኬሚካል ሲበዛበት ከነበረበት ጊዜ የመጣ ነው፤ የዛሬው ፈሳሽ ሳሙና በልኩ ቢነካው ችግር የለውም። የሚጠላው መዘፍዘፍን ነው። ለብ እያለ ጥረጉት፣ የተጣበቀ ካለ ጠጠር ያለ ጨው ነስንሳችሁ በጨርቅ እሹት፣ በፍጥነት እጠቡት፣ ምድጃ ላይ አድርጋችሁ ጠብታ ውሃ እስከማይቀር አድርቁት። ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ቀቡና በደረቅ ጨርቅ መልሳችሁ ጥረጉት። የቀባችሁትን ሁሉ ያነሳችሁት እስኪመስላችሁ ድረስ ጥረጉ። ብዙ ዘይት ከቀረበት ይጣበቃል።

እስቴንለስ ብዙ ይችላል። ሙቀት የሚተወው የቀስተ ደመና ቀለም በአቼቶ ይለቃል። ሽቦ መጠቀም ካለባችሁ የሚቧጨረውን እያወቃችሁ ይሁን።

አሉሚኒየም ከጠንካራ አልካላይን ይራቅ። ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው የምድጃ ማጽጃዎች አሉሚኒየምን በቀጥታ ይበሉታል። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብቻ አድርጉት።

ዘይቱስ?

መጀመሪያ የሚጣል መሆኑን ወስኑ። አንዴ የተጠበሰበት ዘይት ሁሉ አይጣልም። ድንች የጠበሰና ያልጨሰ ዘይት ተጠልሎ እንደገና ይሠራል። ዓሣ የገባበት ግን ሽታውን ለሚቀጥለው ምግብ ያወርሳል። ዱቄትና የዳቦ ፍርፋሪ የገባበት ቶሎ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ በየጊዜው እያረረ ዘይቱን ያጠቁረዋል።

ለማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በጥቅጥቅ ወንፊት ወይም በንጹህ የጥጥ ጨርቅ አጥልሉት። ዝቃጩን አትገልብጡ፤ እሱ ከሥር ይቅር። ንጹህና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑትና ብርሃንና ሙቀት ከሌለበት ቦታ አኑሩት። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ዘይትን የሚያበላሹ ሦስቱ ነገሮች ናቸው። አዲሱ ዘይት ላይ አትጨምሩት። አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል፤ አዲሱ አሮጌውን አያድሰውም።

የሚጣልበትን ጊዜ ዘይቱ ራሱ ይናገራል። ሲሞቅ ብዙ አረፋ ያወጣል። ከወትሮው ቀደም ብሎ ይጨሳል። ወፈር ይላል፣ ይጠቁራል፣ ያረጀ የቅባት ሽታ ያመጣል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በቃ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ምግብ ቤቶች የሚለኩት ነገር አለ፦ ዘይቱ ሲበላሽ የሚፈጠሩ ፖላር ውህዶች የሚባሉት ከ24 እስከ 27 በመቶ ከደረሱ ዘይቱ ይጣላል። ቤት ውስጥ ይህን የሚለካ መሣሪያ የለንም፤ ዓይንና አፍንጫ ይበቃሉ።

አሁን ወደ ማስወገዱ። ሲንክ ውስጥ አታፍሱት። ሽንት ቤትም ያው ቱቦ ነው። «ሙቅ ውሃና ሳሙና አብሬ ለቅቄበታለሁ» የሚል አይጠፋም። ሙቅ ውሃው ዘይቱን ትንሽ ራቅ አድርጎ ይወስደዋል፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ቅባቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስብና ዘይት ሲበሰብሱ የሚወጡት ፋቲ አሲዶች ፍሳሹ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋህደው ጠንካራ ሳሙና መሰል ነገር ይሠራሉ። ያ ደግሞ መጥረጊያ ሶፍቱንና ፀጉሩን ይይዝና ይከመራል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ሥር የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ሠራተኞች ሳምንታት ፈጅቶባቸው ነው ቆርጠው ያወጡት። ቁራጩ በዓመቱ በለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ማንም በርሜል ዘይት አልገለበጠም። ከየቤቱና ከየምግብ ቤቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ነው የተጠራቀመው።

ጥቂት ዘይት ከሆነ፣ ማለትም መጥበሻው ታች ላይ የቀረው፣ መጠረጉ ራሱ ማስወገድ ነው። ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ይገባል። አንድ ሁለት ስኒ ከሆነ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ ወይም ጊዜው ያለፈ ዱቄት ላይ አፍስሱና እስኪመጥጠው ጠብቁ፤ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ጣሉ። የሚረጋ ስብ ከሆነ ባዶ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይርጋ፣ ከዚያ ጣሳው እንዳለ ይሂድ።

ከዚያ የበዛ ከሆነ አጠራቅሙ። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ማጥለያና ሰፊ አፍ ያለው ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ካለ ሥራው ቀላል ነው። ዘይቱ ቀዝቃዛ ይሁን፤ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገና ከ100 ዲግሪ በታች ይለሰልስና ይጨማደዳል። እስከ አፉ አትሙሉት። ከላዩ «ያገለገለ ዘይት» ብላችሁ ጻፉበት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠብስበታል። ሲሞላ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስቡ ስጡ። የምትኖሩበት ከተማ የመሰብሰቢያ ቦታ ካለው የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ይሁን። ዘይቱ ከአልኮል ጋር ተዋህዶ ባዮዲዝል የሚባል ነዳጅ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የቨርጂን አትላንቲክ አውሮፕላን ከለንደን ኒውዮርክ የበረረው በአብዛኛው ከተጣለ ዘይትና ስብ በተሠራ ነዳጅ ነው። ሰብሳቢዎች የሚጠሉት ቅልቅልን ነው። ውሃ፣ የሞተር ዘይትና ማጽጃ አትጨምሩበት፤ ትንሽ የሞተር ዘይት ብቻ ጠቅላላውን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። የተጠቀማችሁበትን ዘይት እንዲያው መኪና ውስጥ መጨመርም አይሞከር።

ሰብሳቢ በሌለበት ቦታ ያው በሰጋቱራ አስመጥጦ መጣል ነው። መሬት ላይ ማፍሰስ ንጹህ ዘዴ ይመስላል፤ ግን አፈሩን ሸፍኖ አየርና ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል፣ አይጥና ጉንዳንም ይጠራል። ብስባሽ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቢገባ ግድ የለም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይገማል።

ሳሙና መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ይቻላል። ግን በኮስቲክ ሶዳ ነው የሚሠራው። እሱ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፣ መጠኑም በሚዛን የሚለካ እንጂ በግምት የሚሠራ አይደለም። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ትክክለኛ ሚዛን የሌለው ሰው ቢተወው ይሻላል።

ዘይት እሳት ከያዘ

ጭስ ሲበዛ ምድጃውን አጥፉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነበልባል ሊሆን ይችላል። ከተቀጣጠለ ውሃ በፍጹም አይደፋበት። ውሃው ወደ ዘይቱ ሥር ይወርድና በአንዴ ወደ 1,700 እጥፍ ተስፋፍቶ እንፋሎት ይሆናል፤ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይዞት ይነሳል። መጥበሻውን አንስታችሁ ወደ ውጭ ለመሮጥም አትሞክሩ። ምድጃውን አጥፉ፣ ከጎን በኩል የብረት ክዳን እያንሸራተታችሁ ድፉበት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ትንሽ እሳት ከሆነ ቤኪንግ ሶዳም ያጠፋዋል። ዱቄትና ስኳር ግን ራሳቸው ይነዳሉ። ክዳን ከሌለ ወይም እሳቱ ከመጥበሻው ካለፈ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ እሳት አደጋ ይጠራ።

ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይትም በውሃ አይጀመርም። ዱቄት፣ ጨው ወይም ሰጋቱራ ነስንሱበት፣ መጥጦ ሲያበቃ በመጥረጊያ ሰብስቡ፣ ከዚያ ነው ሳሙናና ሙቅ ውሃ የሚመጣው።

መጥረጊያ ጨርቆቹን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ጨርቁ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። በማድረቂያ ማሽን ሞቆ እንደወጣ ከተከመረ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቅባታም ጨርቅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ በሙቅ ውሃና በብዙ ሳሙና እጠቡት፣ ቅባቱ ካልለቀቀው ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት።